ነብሩ ድምፄን የጠላበት ቀን

ሥራ የገባሁ ቀን የት እንደምሄድ ለማንም አልተናገርኩም። ጎረቤት «አሮጊቷ በአውሬ ልትበላ ሄደች» እንዳይል ነዋ! ወረታ ዳር ያለው የአውሬ ማገገሚያ ግቢ ሥጋ ቆራጭ ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ብልት ማውጣት ግን አውቃለሁ።

የግቢው ሐኪም ዶክተር ምንተስኖት ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እማማ፣ ነብር አይፈሩም?»

«አርባ ዓመት ከባል ጋር ኖሬ ምን ያስፈራኛል?» አልኩት። ዘበኛው አያ ሞላ ሲስቅ ዱላው ከእጁ ወደቀ። ተቀጠርኩ።

በሳምንቱ የነብር ግልገል መጣ። በጆንያ ከተው ሊሸጡት ሲያሳልፉ ኬላ ላይ የተያዘ ነው። ዐይን ብቻ ነው የቀረው። ሥጋ ብሰጠው ጀርባውን ሰጠኝ። ሦስት ቀን አልበላም።

እኛ ፎገራዎች ላም ወተቷን ስትከለክል እናንጎራጉርላታለን። እኔም ከአጥሩ ሽቦ ሥር ቁጭ ብዬ «እሺ በይ የኔ ሆድ፣ ልቀቂ የኔ ወርቅ» እያልኩ እንደ ላም አባበልኩት። ጆሮውን አቆመ፣ ተጠጋ፣ በላ! ከዚያ ወዲያ ድምፄን ሲሰማ እየሮጠ ይመጣል። ኩራቴን ተዉት።

ዶክተሩ ይህን ያየ ቀን ፊቱ ጠቆረ። «እማማ፣ ምን አደረጉ?»

«አበላሁ ነዋ!»

«ይኼ ነብር እኮ ጫካ ይመለሳል። የሰው ድምፅ እየተከተለ መንደር ከገባ ይገድሉታል። ድምፅዎን ካልረሳ አንለቀውም፤ ዕድሜውን እዚሁ ሽቦ ውስጥ ይጨርሳል።»

ቀልዴ ጠፋ። እኔው አድኜ እኔው ላስረው?

አጥሩን በሰሌን ጋረድነው። ምግቡን በገመድ በሚከፈት መዝጊያ አሾልካለሁ፤ ሰዓት እንዳይጠብቅ አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። የሰው ከብት እንዳይለምድ ፍየል ክልክል ነው። ጥንቸሉን ከነጠጉሩ፣ ጅግራውን ከነላባው ሣር ውስጥ እንደብቃለን፤ ፈልጎ ያግኝ።

ዋናው ግን ዝም ማለት ነው። እኔን! ከበሩ ጀምሮ አፌን በነጠላ አስራለሁ። አያ ሞላ ቀን ወጣለት፤ በሩ ላይ ጠብቆ «እህሳ እቴ፣ ዛሬ ምን ወሬ አለ?» ይለኛል። በዐይኔ ሰድቤው አልፋለሁ።

የፎገራ ሜዳ ሁለት ክረምት በውሃ ተሞላ፣ ሁለት ጊዜ ሩዝ ታጨደ። ግልገሉ ወጠምሻ ሆነ። አንድ ጠዋት ዶክተሩ «ሰሌኑን እናነሣለን፤ እርስዎ ያንጎራጉሩለት። ከመጣ አይለቀቅም» አለኝ።

እንዳይሰማኝ ብዬ በጉሮሮዬ ብቻ አጉተመተምኩ። ዶክተሩ ነቃብኝ፤ «እማማ፣ እንደ ድሮው!»

እንደ ድሮው ለቀቅኩት። ነብሩ ብድግ አለ። አንድ እርምጃ ወደኔ መጣ። ከዚያ ጥርሱን ገልጦ አጉረመረመብኝና ዘሎ ቁጥቋጦው ውስጥ ጠፋ።

«ጠላኝ!» ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት።

አያ ሞላ «ባልሽ ሲወድሽ እንኳ እንዲህ አላልሽም» አለኝ። ያለውን ይበል።

በወሩ ከሜዳው ርቆ ካለ ገደላማ ጫካ ወስደን ሣጥኑን ከፈትነው። ዞር ብሎም አላየን። አንገቱ ላይ የት እንዳለ የሚናገር ማሰሪያ አለው፤ ዶክተሩ እየተከታተለ ይነግረኛል። ሚዳቋ ራሱ አድኖ በልቷል። መንደር ዝር አላለም። ከእሱ በኋላ ሌሎችንም እንዲሁ ለቀናል።

እናንተ አዲስ ገቢዎች፣ አውሬው እንዲወዳችሁ አትሥሩ። ምግቡን ስጡ፣ አፋችሁን ዝጉ።