ኮንጋ ቁልቁለት ላይ የቀረችው ስቴሽን ዋገን

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጢሙን ያሳደገ ወጣት ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ ያለውን የአባቴን ግቢ አንኳኳ። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቡና በደረሰ ቁጥር ከዲላ እየመጣሁ እዚያው ነው የምሰነብተው። ልጁ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ አንገቱን ወደ ጓሮ አሰገገና፣ «አባባ፣ ያቺ ስቴሽን ዋገን ትሸጣለች?» አለኝ።

«የቷ?» አልኩት፤ ሌላ መኪና ያለኝ ይመስል።

የሞተር ሳይክል ልጆች ፎቶ አንስተዋት ኖሮ በስልኩ አሳየኝ። ግማሽ አካሏን ሐረግ ውጦታል፣ መስኮቷ ላይ ዶሮ ቆማለች። «ክላሲክ እኮ ናት አባባ! የመጀመሪያ ፕሮጀክቴ እንድትሆን ነው የፈለግኳት። ሞተሯን በገዛ እጄ ነው የምሠራው» ሲለኝ ጆሮዬ ጋለ። ይህንኑ ቃል እኔም ብዬዋለሁ፤ ስለዚያችው መኪና፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ገና ጢም ሳላበቅል። ቆጮ በአይብ አቀረብኩለትና ሲበላ አየሁት። እሱ ዋጋ እያሰላሁ መስሎታል። እኔ ግን ፊቴን የት እንደምደብቅ ጨንቆኝ ነበር።

ያን ጊዜ ዲላ አንድ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ማለት ያው መፍቻ የሚያቀብል፣ ከመኪና ስር ገብቶ ቅባት የሚጠርግ ማለት ነው። ኮንጋ ስገባ ግን «መካኒኩ መጣ!» ነበር የምባለው፤ እኔም አንድ ቀን «ኧረ ገና ነኝ» ብዬ አላውቅም። ጭራሽ ቱታዬን ሳላጥብ ነበር ለብሼ የምሄደው፣ ቅባቱ እንዲታይልኝ። ይህ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ብቻዬን ሆኜ «ወይ ጉዴ!» እላለሁ።

መኪናዋ ከአንድ የግሪክ ቡና ነጋዴ መጋዘን ጀርባ፣ ዋንዛ ስር ቆማ ነበር። ነጋዴው አዲስ ሲገዛ ትቷታል። ቀለሟ የወተት ነው፤ የኋላዋ ረጅም ስለሆነ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛባታል። ከሥራ ስወጣ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳላያት አላልፍም ነበር። አባቴ ደግሞ ከጎረቤት እሸት ቡና እየሰበሰበ፣ በሰው ጀርባና በበቅሎ እያስጫነ ይርጋጨፌ የሚያስረክብ ሰው ነበር። «ሞተሯን በገዛ እጄ እሠራታለሁ። ቡናህንም ትጭናለች፤ የታመመም ቢኖር ዲላ ሐኪም ቤት ታደርሳለች» አልኩት። አባቴ ቁጥብ ነበር። አየኝ አየኝና፣ «ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ።»

በቃ፣ የዚያን ዓመት ቡና ሸጦ ገዛልኝ።

በጋውን ሙሉ እሑድ እሑድ ሠራኋት። የተበላውን ቀየርኩ፣ አልገኝ ያለኝን ከተጣለ ዕቃ እያመሳሰልኩ ገጠምኩ። የተነሳች ዕለት ጢሷ ሰፈሩን ሲሸፍነው እንባዬ መጣ፤ ሲያዩኝ በጢሱ አሳበብኩ። አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ ከዲላ ስንነሳ በዚያ ሙቀት ካፖርቱን ለብሶ ነበር። መንገዱ ኮረኮንች፣ አቧራው ቀይ። ወናጎ ላይ ሸንኮራ ገዝተን እየመጠጥን ስንሄድ እሱ መንገደኛ ባየ ቁጥር ባርኔጣውን ያነሳል። ምን ዋጋ አለው፣ ዳገት ሲገጥማት ታቃስታለች። ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጎማው አይከተለውም። «ገና አልተፍታታችም» አልኩት አባቴን፤ እውነትም መስሎኝ ነበር። የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው ፍሪሲዮን ተበልቶ ማለቁ የገባኝ ኋላ ነው፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ።

ቤታችን ከዋናው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ነው። ወደዚያ የሚያወርደው ቀጭን የእግር መንገድ ብቻ ሲሆን ግራ ቀኙ እንሰትና ቡና ነበር። መኪና እንዲገባ የጎረቤት እንሰት መነቀል አለበት። ለማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። መሬቱ የባላባቱ ይሁን እንጂ እንሰቱ የሰዎቹ የገዛ ጉልበት ነው፤ ለዓመታት ታግሠው ለክፉ ቀን ያቆዩት ጎተራቸው። በዚያ ላይ እንሰት በኛ ዘንድ የሴት ነገር ነው፤ ባል ብቻውን «ንቀሉት» ብሎ አያዝበትም። አባቴ ደጅ ለደጅ እየዞረ ለመነ። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው የጎረቤታችን የጋሽ በራሶ ማሳ ነበር። ባለቤቱ እትዬ ወርቄ ደግሞ ያኔ እርጉዝ ነበረች።

እትዬ ወርቄ መኪናዋን በዓይኗ ልታይ ዋናው መንገድ ድረስ ወጣች። ዞረቻት፣ የኋላ በሯን አስከፈተችኝ፣ ወለሉን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ንግግራችን በጌዴኦኛ ነበር፤ በአማርኛ ሳስቀምጠው ለዛው ይጎድላል።

«ቀኔ ሲደርስ በዚህች ትወስደኛለህ?» አለችኝ።

«አባቴ ይሙት! አንቺን ያልወሰድኩ ማንን ልወስድ ነው?»

«አደራ» አለችና ወደ ባሏ ዞረች። «በል ይነቀል።»

ደቦ ተጠራ። ከደጋው፣ ከቡሌ የመጣ ቀርከሃ በመኪናዋ ስፋት ልክ ቆረጥን። ወንዶቹ ቀርከሃውን አግድም ይዘው እየወረዱ፣ ጫፉ የነካው እንሰት ይነቀላል፣ ያልነካው ይተርፋል። አንዲት እግር እንሰት እንኳ ያለ አግባብ እንዳትሞት ነበር ጥንቃቄው። መዝሙሩ፣ ሳቁ፣ ላቡ፣ የተቆረጠው እንሰት ሽታ፣ ሁሉም እንደ ሠርግ ነበር። ስፋቱን እንዲያ ተጨንቀን ስንለካ ስለ ዳገቱ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። እንዴት እንደምትወርድ እንጂ እንዴት ተመልሳ እንደምትወጣ ማንም አልጠየቀም። እነሱስ ይሁን፣ መኪና የሚያውቁት በሩቁ ሲያልፍ ነው። መካኒኩ እኔ አልነበርኩ እንዴ!

ቤንዚን ለመቆጠብ ብዬ ሞተሯን አጥፍቼ፣ ፍሬን እየያዝኩ አወረድኳት። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። በማግስቱ ልትወጣ እምቢ አለች። «ነገ» አልኩ። በነጋታውም «ነገ» አልኩ። እንዲህ ስል ዝናቡ ገባ፤ ቀዩ አፈር ሳሙና ሆነ።

እትዬ ወርቄን ምጥ የያዛት በዚያ ዝናብ መሃል ነው። አዋላጇ ከአቅሟ በላይ ሲሆንባት «ሐኪም ቤት ውሰዷት» አለች። ጋሽ በራሶ ቃሬዛ ከማንሳቱ በፊት ወደኔ ነበር የሮጠው። «መካኒክ፣ ድረስልን!» አለኝ። «አትወጣም» ማለት ሲገባኝ ቁልፉን አንስቼ ወጣሁ። በመኪናዋ የኋላ ወለል ላይ የእንሰት ቅጠል ጎዝጉዘን፣ ብርድ ልብስ ደርበን አስተኛናት። ወንዶቹ ከኋላ ገፉ፤ እኔም መሪውን ጨብጬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ።

እስከ ዳገቱ ወገብ ወጣች። ከዚያ ሞተሩ ጮኸ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ጎማው በገፊዎቹ ፊት ላይ ጭቃ ይረጭ ጀመር። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ከታች የእነ ጋሽ በራሶ ቤት ታየኝ። ባለኝ ኃይል ሁሉ ፍሬኑን ረገጥኩ። ቆመች።

«አውርዱኝ» አለች እትዬ ወርቄ ከኋላዬ። አልጮኸችም።

አወረዷት፣ ቃሬዛው መጣ፣ ተሸክመዋት ወደ ላይ ሮጡ። እኔ መከተል አልቻልኩም። የእጅ ፍሬኑን «ኋላ እሠራዋለሁ» ብዬ ትቼዋለሁ፤ እግሬን ባነሳ መኪናዋ ቤታቸው ላይ ትወርዳለች። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲሮጥላት እኔ ቱታዬን ለብሼ፣ ፍሬን ረግጬ ተቀመጥኩ። ቃሬዛው ዳሩን እንሰት እየጣሰ በጎኔ ሲያልፍ ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ የለበትም አስተያየቷ፤ ያዘነችልኝ ይመስላል። ድምፃቸው እየራቀ ሄደ፣ እግሬ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በመጨረሻ አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና ጎማው ስር አስገባ። «ልቀቀው» አለኝ። እስኪሞት ድረስ ስለ መኪናዋ የተናገረኝ ያን ቃል ብቻ ነው።

እግዜር ረድቶ ዋናው መንገድ ላይ የቡና ጭነት መኪና አገኙ። እትዬ ወርቄ ዲላ ደርሳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ከቤት መውጣት ግን አልቻልኩም። ጋሽ በራሶ ራሱ ቤታችን ድረስ መጣ። ይሰድበኛል፣ ስላለቀው እንሰት ይናገረኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«መንገዱ ባይኖር አንደርስም ነበር» አለኝ። «በድሮው መንገድ ቃሬዛ ይዘህ መሮጥ የት አለ? ያን ዕለት ግን ግራ ቀኝ ሆነን በሩጫ ወጣን። ያንተ መኪና ባትመጣ ማን ይቆርጥልን ነበር? ተባረክ።»

ሽሙጥ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። ሽሙጥ አልነበረም። ምነው በሰደበኝ! ብሰደብ እመልሳለሁ፣ እጣላለሁ፣ እንታረቃለን፣ ያልቃል። ምስጋናን ምን ብዬ ልመልሰው? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋራዥ አልተመለስኩም፤ ትምህርቴን ቀጥዬ መምህር ሆንኩ። መኪናዋን ገፍተን ጓሯችን አስገባናት፣ የዶሮ ቤት ሆነች። ተማሪዎቼ «ትሑት መምህር» ይሉኝ ነበር። ትሕትና አይምሰላችሁ። «አውቀዋለሁ» የሚለው ቃል ከአፌ እንዳይወጣ እየፈራሁ ነው የኖርኩት።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ አልነገርኩትም። «ዋጋዋስ አባባ?» ሲለኝ፣ «ውሰዳት፤ ብቻ ከሞተሯ በፊት የእጅ ፍሬኗን ሥራ» አልኩት። ግራ ተጋብቶ ሳቀ።

በሳምንቱ የጭነት መኪና ይዞ መጣና በሰንሰለት አሰራት። ያ መንገድ ዛሬም አለ፤ ጠጠር ለብሷል፣ ሞተር ሳይክል ሽር ይልበታል። ሰፈርተኛው ለማየት ወጣ። እትዬ ወርቄም ያን ዕለት የተወለደችው ልጇ ደግፋት፣ ከዘራዋን ይዛ ከጎኔ ቆመች። ጋሽ በራሶ ካረፈ ቆይቷል።

«ወጣች እንዴ?» አለችኝ፤ ዓይኗ ደክሟል።

«እየወጣች ነው፣ እትዬ።»

«ዘገየች!» አለችና ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። ልጇም ሳቀች፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ግን አንገቴን ደፍቼ። በዚህ ሁሉ ዕድሜ እንኳ ፊቷን ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ።

አንገቴን ስደፋ ነው ቀኝ እግሬን ያየሁት። ተረከዜ ተነስቷል፣ የጫማዬ ጫፍ ፍሬን የረገጠ ይመስል አፈሩ ውስጥ ገብቷል፣ ባቴ ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ወርቄም አየችው። በከዘራዋ ጫፍ ጫማዬን ነካ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልቀቀው በቃ፣ ልጄ። እኔ ወርጃለሁ እኮ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። መኪናዋ አስፋልቱ ላይ እስክትወጣ ድረስ ግን እግሬን አላነሳሁም።