ዘፈን የሌለው ደቦ

ለጽዮን በዓል ከፍኖተ ሰላም አክስቴ ዘንድ ሄጄ መንገዱ ተዘጋብኝ። አስፋልቱ ላይ ያሉት ወታደሮች ዘጉት የሚል አለ፤ በዱር ያሉት ታጣቂዎች ዘጉት የሚልም አለ። የአክስቴ ቤት ከቡሬ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናትና እዚያ በመቅረቴ ብዙም አልተከፋሁም። የተከፋሁት ጤፉን ሳይ ነው። መታጨጃው አልፏል፤ ገና ሲነኩት ይረግፋል። ሰማዩ ደግሞ የኅዳር ሰማይ አይመስልም፣ ጠቁሯል። የዓመት ቀለቧ ያ ማሳ ነው፤ ሌላ የላትም።

በሌላ ዓመት ቢሆን ማታ በየደጁ ዞራ «ነገ ደቦ አለኝ» ትላለች፤ ጠዋት ሰው ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ አለቀ። ዘንድሮ ግን ሰው ተሰብስቦ መታየት ፈርቷል። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ የሚከለክል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ነበር። ጊዜው አልፎበታል ይላሉ፤ ተራዝሟል የሚሉም አሉ። የስልኩ ኢንተርኔት ከጠፋ ስለቆየ የትኛው እውነት እንደሆነ ማየት አይቻልም።

«አንች የተማርሽ አይደለሽም? ንገሪን እንጂ!» አለችኝ አክስቴ፣ ጎረቤታችን ባለበት። ጎረቤታችን ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው፤ በአካባቢው ደቦ ሁሉ ዘፈኑን የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ በሚድሩበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ የተጻፈን ነገር እንደ ሌላው ሰው ገረፍ አድርጌ ማለፍ አልችልበትም። አዋጁን ያኔ እንደወጣ ስልኬ ላይ አስቀምጬው ነበርና አንድም ሳላስቀር አነበብኩላቸው።

«ደቦ የሚል አለበት?» አሉኝ ጎረቤታችን።

«የለበትም፣ አያ።»

«ጤፍ የሚልስ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ስለኛ አይደለም የሚያወራ።»

«ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ግን ይላል።»

«ፈቃዱን ማን ይሰጣል?»

እሱን አላወቅሁም። የቀበሌው ሊቀመንበር ቡሬ ከተማ ከገባ ሰንብቷል፤ እዚያ እንዳይኬድ መንገዱ ዝግ ነው። አክስቴም «ሄዳችሁ ብታገኙትስ? በዱር ያሉት ደግሞ ምን ልታደርጉ ሄዳችሁ ቢሉ ምን ልትሉ ነው?» አለች። 

መላ ያመጡት ጎረቤታችን ናቸው። «ደቦን ደቦ የሚያሰኘው ዘፈኑ ነው። ዘፈኑን እንተወው። ሰዉም አንድ ላይ አይሰለፍ፤ አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ። ለሚያየን ሁሉም የየራሱን የሚያጭድ ይመስላል» አሉ። ነገሩን ባገላብጠው ባገላብጠው እንከን አጣሁለት። እንዲያውም አዋጁን በደንብ ያነበበ ሰው የሚያመጣው መላ መሰለኝ።

በማግስቱ ሰዎቹ ከየአቅጣጫው መጥተው በየጥጉ ጎንበስ አሉ። እኔና አክስቴ ቅቅል ባቄላና ጠላ ይዘን ወረድን። ማጨድን ልጅ ሆኜም አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ያለ አጨዳ ግን አይቼ አላውቅም። ከማጭዱ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ሲሳሳቁ እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ነው። ሥራውም አልፈጠነም፤ ዘፈን ሲጠፋ እጅ ይሰንፋል ለካ።

ጸሐይዋ ከፍ ስትል ከአስፋልቱ በኩል ወታደሮች መጡ። ፊት የሚመራው ወጣት ነው። ቆሞ ማሳውን ዙሪያውን አየ።

«ምንድን ነው እዚህ የምትሠሩት?»

«ጤፍ ነው የምናጭድ፣ ጌታዬ» አሉ ጎረቤታችን።

«የማን ጤፍ?»

«የዚች የእቴቴ።»

«ታዲያ ደቦ ነዋ!»

ወጣቱ ማሳውን እንደገና ቃኘ።

«ደቦ ከሆነ ዘፈኑ የታለ? በኛ አገር ደቦ ከማዶ ነው የሚሰማው። እናንተ በየጥጉ አጎንብሳችሁ፣ ዝም ብላችሁ… ምን እያደባችሁ ነው?»

የሰው ፊት ሲለወጥ ታየኝ። አዋጁ ስለ መሰብሰብ የሚለውን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ግን የቱን አስቀድማለሁ? ያልዘፈንነው ሕግ ፈርተን ነው ብል፣ ሕግ እየጣስን እንደሆነ ማመኔ አይደለም? 

«በሉ ዝፈኑ!» አለ።

ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞሩ። ለምን እንደዞሩ ወዲያው ገባኝ። የደቦ ዘፈን አብዛኛው ጀግና ነው፣ ጠብመንጃ ነው፣ ዱር ገብቶ የቀረ ወንድ ነው። ያንን ታዲያ ጠብመንጃ በያዘ ሰው ፊት ማን ያወርደዋል?

«ምኑን ልዝፈን?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«የበሬውን፣ አያ። በሬውን ብቻ።»

ጎንበስ ብለው እያጨዱ አወረዱት።

«ኧረ በሬ በሬ ባለ ትልቅ ሻኛ፣
ያረስከው ደረሰ ልናጭደው እኛ።»

ሰዉ ከየጥጉ ተቀበላቸው። እየተቀበለም ሳያስበው ተሰባስቦ አንድ መስመር ሆነ፤ ማጭዱም ፈጠነ። ያላሰብነው ከዚያ በኋላ መጣ። እዚህ አገር የደቦ ዘፈን የሰማ ሰው ጥቂት ሳያጭድ አያልፍም። ከማዶ ማሳ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሳንጠራቸው ማጭዳቸውን እያንጠለጠሉ ይመጡ ጀመር።

ወታደሩ ደነገጠ። «እነዚህ ደግሞ ከየት ነው የሚመጡት?»

«ሰምተው ነዋ ልጄ» አለችው አክስቴ። «ዝፈኑ ያልከን አንተ!»

ጓዶቹን አየ፤ እኛን አየ። አንደኛው ጓዱ ሳቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ። «በሉ ቶሎ ጨርሱ» ብሎ ወደ አስፋልቱ ተመለሰ።

ወደ ማታ ጤፉ ነዶ ሆኖ ተከመረ። አክስቴ ክምሩን በእጇ ደጋግማ መታ መታ አደረገችው፣ ከብት እንደሚያሻሹ። ለእሷ አለቀ። እኔ ግን ያ ሰው «ቶሎ ጨርሱ» ማለቱ ፈቃድ ነው አይደለም እያልኩ ነበር። ፈቃድ ከሆነ የፈቀደው ማጨዱን ነው፣ መሰብሰቡን ነው ወይስ ዘፈኑን? ለዚያ ማሳ ብቻ ነው? ለዚያ ቀን ብቻ?

ጠዋት ጎረቤታችን ከደጅ ተጣሩ።

«የትናንቱ ለኔም ማሳ ይሠራል?»

«አላውቅም፣ አያ። የእውነት አላውቅም።»

«አይቻልም ግን አላልሽም።»

«አላልኩም። ይቻላልም እኮ አላልኩም።»

«በቃ፣ ይበቃኛል» ብለው ሰው ሊጠሩ ወደ ማዶ ሄዱ። ከበሩ ወጥቼ ልጠራቸው አልኩ፤ ብጠራቸው የምነግራቸው ምን እንደሆነ ጠፋኝ። የሚወርደው ዘፈን ከማሳቸው እስኪሰማ ድረስ እዚያው ቆምኩ።