ወታደሩ የተመለሰ ዕለት

ትናንት ከመካኒሳ ወደ ሀና ማርያም ስመለስ የታክሲው ሬዲዮ የአንድ የድሮ የቴሌቪዥን ድራማ መግቢያ ዜማ አሰማ። ድራማው ከልብ ወለድ መጽሐፍ የተሠራ ሆኖ፣ ጦር ግንባር የሄደ እጮኛዋን የምትጠብቅ የአንዲት ልጅ ታሪክ ነበር።

ልጅ ሳለሁ እሁድ ከሰዓት ጎረቤቶቻችን እኛ ቤት ተሰብስበው ያዩት ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ አልማዝ፣ መጽሐፉን ስላነበበችው መጨረሻውን ታውቃለች፤ ብንለምናት ግን አትነግረንም።

በመጨረሻው ክፍል ወታደሩ አቧራ እንደለበሰ መጥቶ የልጅቷን በር አንኳኳ። እኔ አጨበጨብኩ። ትልልቆቹ ግን ቴሌቪዥኑን ትተው አክስቴን ያዩ ጀመር። እናቴ ልታጠፋው ስትነሳ አክስቴ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው፣ እንየው» አለቻት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። «እንኳን ለእሷ መጣላት።»

ደስ ያላት መስሎኝ ጉልበቷ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

የእሷም እጮኛ ዘምቶ እንደቀረ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አክስቴ ሌላ ሰው ሳታገባ ባለፈው ዓመት አረፈች።

ትናንት ታክሲው ሰፈራችን ሲደርስ «ወራጅ አለ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ከቤቴ አልፌ ወረድኩ።