እኩያሽን ይዘሽ ነይ

ሰሞኑን አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የወንድሜ ልጅ ሮቤልና ጓደኞቹ ሳሎኔ ውስጥ አንዲት ስልክ ከብበው፣ ገሚሶቹ ራሳቸውን ይዘው፣ ገሚሶቹ ተቃቅፈው ሲጮኹ አገኘኋቸውና ክፉ ወሬ የመጣ መስሎኝ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ በሩ ላይ ቀረሁ። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» ብል፣ «ማንም አልሞተ አክስቴ፤ ክለባችን የማይረባ ልጅ መርጦ ነው እንጂ» አለኝ ሮቤል፤ እንባው ሊወርድ ምንም አልቀረውም። አሜሪካ ያሉት የቅርጫት ኳስ ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆችን በየተራ ይመርጣሉ አሉኝ፤ የሚያዩትም ሌሊት የተላለፈውን ነበር። የሰው ልጅ ራሱ ባልተመረጠበት ምርጫ እንዲህ ሲያለቅስ ማየት ደስ ስላለኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

አንድ ሰውዬ መድረክ ላይ ወጥቶ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ሎጋ ልጅ አዲስ ሱፉን እያስተካከለ እናቱን አቅፎ ይነሳል፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ደግሞ ግማሹ ይጨፍራል፣ ግማሹ ይራገማል። ሮቤል የልጆቹ ክንድ ስንት እንደሚረዝም፣ ወደ ላይ ምን ያህል እንደሚዘሉ ሁሉ ተለክቶ እንደሚታወቅ ሲያስረዳኝ አልሰማሁትም፤ ዓይኔ የተያዘው ከተመልካቹ መካከል አፏን በሁለት እጇ ይዛ ስም እስኪጠራ በምትጠብቅ አንዲት ሴት ላይ ነበር። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ እዚሁ ቢቸና፣ በትምህርት ቤታችን አጥር ላይ ተደርድሮ አይቼዋለሁ።

የእኛ ሜዳ ዝናብ ሲጥል ጭቃ፣ ሲያባራ አቧራ ነበር፤ ሰሌዳው ከባሕር ዛፍ ጣውላ የተመታ፣ ቀለበቱ መረብ የሌለው፣ ኳሷ ደግሞ ጫማ ሰፊ ደጋግሞ የጠገናት፣ አንድ ጎኗ ያበጠ፣ ስትነጥር ወደ ፈለገችበት የምትሄድ አመለኛ ነበረች። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት የሴቶች ጨዋታ አለ። የከተማው ሰው ሥራውን ጥሎ አጥሩ ላይ የሚንጠለጠለው ግን ለጨዋታው ብቻ አልነበረም፤ ለክፍፍሉ ነበር። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር አምበሎች አይለወጡም፤ ተጫዋቾቹ ግን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይከፈላሉ። ሁለቱ አምበሎች ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ የቀረነው በጨዋታ የምትመጥነንን እየያዝን ጥንድ ጥንድ ሆነን ራቅ እንልና የምስጢር ስም እናወጣለን፤ አንዷ ሎሚ፣ አንዷ ትርንጎ። ከዚያ ከአምበሎቹ ኋላ መጥተን «ሎሚ ወይስ ትርንጎ?» እንላለን። ባለተራዋ አንዱን ስም ትጠራለች፤ ያ ስም ያላት ወደ እሷ፣ ሌላዋ ወደ ተቃራኒዋ ትሄዳለች፤ አምበሏም ማን እንደደረሳት የምታውቀው ዘወር ስትል ነው።

በጥያቄውና በመልሱ መካከል ያለችው ቅጽበት እስከ ዛሬ ታስደንቀኛለች። ልብስ ሰፊው ጋሽ ፈንቴ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ስፌቱን ጥሎ የመጣው ቀንደኛው የላይ ሰፈር ደጋፊ፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ መንገደኛ መስለው የቆሙት የቅኔ ተማሪዎች መንገዳቸውን ይረሳሉ፤ ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ ይልና ኳሷን የያዘችው ልጅ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ስሙ ሲጠራ በአንድ ወገን እልልታ፣ በሌላው ዋይታ ይሆናል። ቢሆንም የሚወቀስ አልነበረም፤ ማንም አይቶ አልመረጠማ! ደካማዋም ከደካማ ጋር መጥታ፣ እንደ ጎበዟ ሁሉ ፀሐይ ወይም ወርቅ ተብላ ትጠራለች እንጂ ሳትፈለግ የምትቀር የለችም። ይህን ያሰበው ማን እንደሆነ ባውቅ ሄጄ እጅ እነሳው ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ ጎበዝ ሆና ደካማ ይዛ የመጣች እንደሆነ አጥሩ በአንድ አፍ «እኩያሽን ይዘሽ ነይ!» ብሎ ይመልሳታል።

የእኔ እኩያ ዘሐራ ነበረች። አባቷ ከሞጣ መጥተው ቢቸና የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ፣ የእኔ አባት ቄስ፣ እኛ ደግሞ የአንድ ዴስክ ልጆች። ቁመታችን እኩል፣ ሩጫችን እኩል፣ ኩርፊያችን ሳይቀር እኩል ነበር። እኩል በመሆናችንም አንድ ቀን እንኳ በአንድ ወገን ተሰልፈን አናውቅም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ አምበሎቹ እንሄዳለን፣ እዚያ ስንደርስ እንለያያለን። ስምንተኛ ክፍልን ስንጨርስ አባቷ ሱቁን ዘግተው ወደ ሞጣ ሊመለሱ ሆነ። በመጨረሻው ዓርብ ዋዜማ ዘሐራ የቀሚሷን ጫፍ እየጠቀለለች፣ «አንድ ቀን እንኳ ካንቺ ጋር ሳልሰለፍ ልሄድ ነው?» አለችኝ።

ስለዚህ በነጋታው ተለያይተን ቀረብን፤ እኔ ከሌላ፣ እሷ ደግሞ ትከሻዋ ላይ ከማትደርሰው ከብርቄ ጋር። አጥሩ አበደ። «ኧረ ግፍ ነው ጎበዝ! እኩያሽን ይዘሽ ነይ!» እያለ ጋሽ ፈንቴ ጮኸ። የስፖርት መምህራችን ፊሽካቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሷን አዩ፤ የዘሐራን መሄድ ሰምተዋል መሰለኝ እጃቸውን ወደ ሕዝቡ አንስተው «ለዛሬ ይለፍ» አሉ። እኔ ለታች ሰፈር ደረስኩ። ዘሐራና ብርቄ መጡ። «ፀሐይ ወይስ ጨረቃ?» ተራው የእኛ አምበል ነው፤ ማን ፀሐይ ማን ጨረቃ እንደሆነች እኔም አላውቅም፤ ዘሐራ ምንም እንዳይታወቅባት መሬት መሬት ታያለች። አምበሏ ጥርሷን ነክሳ ቆየች፣ ቆየች፣ «ፀሐይ!» አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ዘሐራ ቀና ብላ ወደ እኔ መጣች። ታች ሰፈር እልልታውን አቀለጠው፤ ጋሽ ፈንቴ ሜትሩን ከአንገቱ መዝዞ መሬት ላይ ጣለ። እኔ ግን ከላይ አምላክ ያየን መሰለኝ።

አሸነፍን፤ እንዲያውም በሰፊው ከማሸነፋችን የተነሳ ጨዋታው ሳያልቅ አጥሩ ላይ የነበረው ሰው ወደየቤቱ ተበተነ። እኔ ደግሞ ጨዋታውን ሙሉ የሆነ ነገር ጎደለኝ። ፊት ለፊቴ ስትሆን ትከሻዋ ዘንበል ሲል ወዴት እንደምትሄድ፣ ከንፈሯን ስትነክስ ልትወረውር እንደሆነ አውቅ ነበር፤ በአንድ ወገን ስንሆን ያየሁት ጀርባዋን ብቻ ነው። ሲያበቃ አቧራዋን እያራገፈች መጥታ፣ «ሳላይሽ ዋልኩ እኮ!» አለችኝ። ሳቅን፤ ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ።

ሄደች። መጀመሪያ ሰላምታ እንላላክ ነበር፤ ኋላ ትዳሩ፣ ልጁ፣ ኑሮው መጣና ሞጣ ቅርብ ሆና ሳለ ራቀችን። ዐምና ማረፏን ሰምቼ ለልቅሶ ሄድኩ። እንደ እናቷ ሎጋ የሆነች ልጅ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና፣ «እናቴን በምን ያውቋታል?» አለችኝ። ከቢቸና መምጣቴን ስነግራት ትኩር ብላ አየችኝ፤ «'ቢቸና እኩያ አለችኝ' ትል ነበር። እርስዎ ነዎት?» አለች። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ሮቤል ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ፣ «አክስቴ፣ እርስዎ ቢሆኑ ማንን ይመርጡ ነበር?» ሲል ነቃሁ። «ጀርባዬን ሰጥቼ እቆም ነበር» ስለው ልጆቹ ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ዝናቡ ሲያባራ እግሬ ወደዚያ ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ሜዳው ሕንፃ ተሠርቶበታል፤ አጥሩም ግንብ ሆኗል፤ የሚንጠለጠልበት ሰው የለም። ያ ሁሉ ሰው ዛሬ ተመልሶ አጥሩ ላይ ቢደረደርና በአንድ አፍ «እኩያሽን ይዘሽ ነይ!» ቢለኝ፣ ይዣት የምመጣ የለችኝም።