የላፍቶው ጨረታና የፈረንሳዩ ወይን

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ጨረታ አሸንፌያለሁ፤ እሱንም በኩራት ነው የማወራው። ላፍቶ ውስጥ ለሰፈራችን ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ከውጭ አገር የመጣ አንድ የሰፈር ልጅ ምርጥ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ለጨረታ ሰጠ። የእጮኛዬን የሂሩትን ወላጆች ያኔ ገና በዓይኔ አላየኋቸውም ነበር። አባቷ ግን ቀይ ወይን ነፍሳቸው እንደሆነ ሹክ ብላኝ ስለነበር፣ በሽማግሌዎቼ እጅ ልልክላቸው ቆርጬ ተነሣሁ።

እኔ ዋጋ በጠራሁ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ይጨምራሉ። አዳራሹ በሙሉ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ እሳቸው ይዞራል። እኔም ላቤ ጠብ እስኪል ታገልኩ። በመጨረሻ እጃቸውን አወረዱና አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጠርሙሱን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጌ ስመለስ፣ እኚያው እናት መንገዴ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እማማ፣ ወይን እንዲህ ይወዳሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«በኢየሱስ ስም! ገዝቼ ልደፋው ነበር እንጂ! ትዳር የሚያፈርስ ነገር! ለመሆኑ ለማን ነው?»

ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «ለእጮኛዬ አባት ነው። ካገኙ አይምሩትም አሉ፤ ሚስታቸው ግን አያውቁም» አልኩ።

«ምስኪን ሴትዮ!» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ይሄኔ በር ላይ እንግዳ ስትቀበል የነበረችው ሂሩት እየሳቀች መጣች።

«እማዬ፣ ሳላስተዋውቃችሁ ተግባባችሁ?»