ሳናለቅስ የሄደው መርከብ

ይህ የደረሰብኝ ከሚሊኒየሙ በዓል ሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት ወር ነው። ቦንጋ ውስጥ አውሮፓ ደርሳ የመጣች ሴት እያሉ የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ። ምን አየሽ ሲሉኝ "መርከብ አየሁ" እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም። እንዳልተሳፈርኩበት የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ እህቴ፣ ሌላው ስሙን እንኳ የማላውቀው አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ። ሰባት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ፤ ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እኔ በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። ዘነበች የምትባል አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ። በሃያ ዓመቷ ቤሩት ሄዳ ሰው ቤት ሠራች። ከብዙ መንከራተት በኋላ አውሮፓ ውስጥ ቱሪስት ይዞ በሚዞር ትልቅ መርከብ ላይ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች። ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር፤ አንድም ቀን ተመልሳ አታውቅም።

እናታችን የሞተችው ዘነበች ባሕር ላይ እያለች ነው። መርዶውን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ያውም በስልክ። መርዶ በእኛ አገር በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። እሷን ማን ይደግፋታል? በስልኩ ውስጥ የማጠቢያ ማሽን ድምፅ ይሰማኝ ነበር። "እሺ እትዬ" አለችና ዘጋችው። ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ጎረቤት እናወራለን፤ እናታችንን ግን አንዳችንም አናነሳም።

እናታችን በሞተች በሁለተኛው ዓመት ደውላ፣ "እትዬ፣ መሥሪያ ቤቴ ለሠራተኛ አንድ ዘመድ በነፃ ያሳፍራል፤ አንቺን አስመዝግቤሻለሁ" አለችኝ። ከጎጀብ ወንዝ የሚበልጥ ውሃ አይቼ የማላውቅ ሴት ነኝ። አልሄድም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። እኔና ዘነበች ተቃቅፈን አላለቀስናትም። እኔ ሽርሽር አምሮኝ አይደለም የሄድኩት፤ እናቴን ከእህቴ ጋር ላለቅስ ነው የሄድኩት።

የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሳቁብኝ። የሰው ሀብት አስተዳደሩ ኃላፊ የዓመት ፈቃዴን ሲፈርሙ፣ "እትዬ በላይነሽ፣ ባሕሩ ማህደር አይደለም፤ ከገቡበት እንዳይጠፉ" አሉኝ። የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ኤምባሲ ደጅ ጠንቼ ቪዛውን አገኘሁ። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ከረጢት ኮሮሪማና የእናቴን ነጠላ ያዝኩ።

ከመነሳቴ በፊት ዘነበችን፣ "ወደቡ ላይ ወጥተሽ ትቀበዪኛለሽ አይደል?" አልኳት።

"ሥራ ይበዛብኛል እትዬ፤ ዝም ብለሽ ግቢ። ስትገቢ ታገኚኛለሽ" አለችኝ።

ቅር አለኝ። ቅሬታዬን ግን አልነገርኳትም። ስደርስ መውጣቷ አይቀርም ብዬ ነው።

ጣሊያን አገር ጄኖቫ የምትባል ከተማ አንድ ሌሊት አደርኩና በማግስቱ በማለዳ ወደቡ ደረስኩ። መርከቡ ነጭ ነው፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራርቦበት ከከተማው ሕንፃዎች ይበልጣል። ሰው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ገብቶ፣ በመስታወት በተሠራ ድልድይ ተሻግሮ ወደ መርከቡ ይገባል። ከላይ ሙዚቃ ይሰማል። የሚገቡት ሁሉ ይስቃሉ።

እኔ ከአዳራሹ ደጅ ላይ ቆምኩ። ነጠላዬን በሐዘን ወግ አዘቅዝቄ ለብሻለሁ፤ ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። ሐዘን ያልተወጣላቸው ሰዎች መጀመሪያ ሲገናኙ መጪው ደጅ ላይ ይቆማል፤ የቤቱ ሰው ይወጣል፤ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። ቤት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሰተት ብሎ ገብቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። ደግሞም ታላቋ እኔ ነኝ። ታናሽ ወጥታ ታላቋን ካልተቀበለች ምኑን እህት ሆነች?

ዝርዝር የያዘች አንዲት ወጣት ሠራተኛ መጥታ ፓስፖርቴን አየች። ስሜን አገኘችውና ወደ ውስጥ አመለከተችኝ። በዚያች በቢሮ እንግሊዝኛዬ "እህቴ ትመጣለች" አልኳት። አብራኝ የምትሳፈር እህት የዘገየችብኝ መሰላት መሰለኝ፤ ሰዓቷን አሳይታኝ ሄደች። እንዳልደውል የቦንጋ ስልኬ እዚያ አገር አይሠራም።

ፀሐዩ በረታ። ሻንጣ የሚጭኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ፂማቸው የሸበተ፣ ሰማያዊ ቆብ ያደረጉ። እያለፉ እየተመለሱ ያዩኛል። እሳቸውም በእጃቸው ግቢ አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ትንሽ ቆይተው ከአዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር አምጥተው ጥላ ሥር አስቀመጡልኝ። ምነው ያን ቀን ክፉ ሰው በሆኑ! ወንበሩ ባይኖር እግሬ ዝሎ እገባ ነበር።

አራት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሰዓት ሆነ። የመጣ ሁሉ አለፈኝ። ኢትዮጵያዊ የሚመስል ፊት ባየሁ ቁጥር እነሳለሁ፤ እሷ አይደለችም። መጀመሪያ ናፍቆት ነበር፣ ቀጥሎ ቅሬታ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ቁጣ ሆነ። በሆዴ "ፈረንጅ ሆናለች፤ እናቷንም እኔንም ረስታለች" አልኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። እኔ ምላጩን ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው የዋጥኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልቤ ራራ። ተነሳሁ፣ ሻንጣዬን ያዝኩ፣ ጥቂት እርምጃ ሄድኩ። በዚህ መሃል ከመርከቡ ሰገነት ከበሮና መለከት ተጀመረ፤ ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ይጨፍራሉ። እናቴን በዳንኪራ መሃል ላለቅሳት ነው እንዴ አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አሥር ሰዓት ሲሆን የአዳራሹን በር ዘጉት።

ያኔ ነው የባነንኩት። ሮጬ በሩን ደበደብኩ። ያቺ ዝርዝር የያዘችው ልጅ ወጥታ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። ድልድዩ ከመርከቡ ተላቀቀ። "ዘነበች! ዘነቡዬ!" ብዬ ጮህኩ። መርከቡ ያለ ምንም ድምፅ ከመሬት ተለየ፤ በመካከላችን ያለው ውሃ ቀስ እያለ ሰፋ።

አለቀስኩ። እንደ ቦንጋ ሴት፣ ደረቴን እየደቃሁ፣ የእናቴን ስም እየጠራሁ አለቀስኩ። በቀብሯ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። መንገደኛው እየሸሸኝ ያልፋል። እኚያ ሽማግሌ ግን መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ቆባቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። ማን እንደ ሞተብኝ አያውቁም። እስክጨርስ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። የእናቴ ለቀስተኛ እሳቸው ብቻ ሆኑ።

ስረጋጋ ወረቀት አወጡና ባቡር ሳሉልኝ፤ ከዚያ ሌላ ወደብ፣ ከዚያ መርከቡን። በባቡር ሄደሽ ትደርሺበታለሽ ማለታቸው ነው። ገብቶኛል። እንዳልገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ፈርቼ ነበር፤ ከፍርሃቴ ይበልጥ ግን ያልወጣችው እሷ ናት፣ ለምን እኔ አሳድዳታለሁ አልኩ። ሽማግሌው መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ ወሰዱኝ፤ ቲኬቴንም አስቀየሩልኝ። ኮሮሪማውን ሰጠኋቸው። አንዷን ፍሬ አሽትተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አውሮፕላን የተገኘልኝ ከአምስት ቀን በኋላ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ በዚያ ክፍል ተቀምጬ ስሜን የጠራ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት ድምፄ ራሱ አለ ወይ ብዬ "በላይነሽ" ብዬ ራሴን ጠራሁት።

ቦንጋ ከገባሁ በኋላ ዘነበች ስትደውል አላነሳም አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት አነሳሁ።

"እትዬ፣ ለምን ቀረሽብኝ?" አለችኝ። ድምፅዋ ሻክሯል።

"እኔ ነኝ የቀረሁት? ቀኑን ሙሉ ደጅ ተጎልቼ አንቺ ብቅ አላልሽም!"

"ሰው በሚሳፈርበት ቀን የማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ መሬት መርገጥ አይፈቀድለትም" አለችኝ። "ሦስት ጊዜ ከሥራ ተሰርቄ ወጥቻለሁ። ከድልድዩ ጫፍ ማለፍ አልችልም። የመርከቡ በር ላይ፣ በሥራ ልብሴ ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆሜ ነበር። የሚገቡት ሰዎች ለእነሱ የተዘጋጀ ትርኢት መስያቸው ፎቶ ያነሱኝ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳታዝኚብኝ ነዋ። ጥሩ ሥራ ላይ ናት ብለሽ እንድትደሰቺ ነዋ።"

በመካከላችን አንድ አዳራሽና አንድ ድልድይ ብቻ ነበር። እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፣ ሁለታችንም ነጠላ አዘቅዝቀን። በስልክ ለማልቀስ ሞከርን፤ መስመሩ እየተቆራረጠ አላስለቀሰንም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ "ዘንድሮ እመጣለሁ" ትለኛለች። አልመጣችም። የዘመድ ማሳፈሩም ቀርቷል አለችኝ። አልተቀየምኳትም። የምቀየመው በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ሴት ነው። ወጉ ልክ ነበር፤ ደጅ ይጠበቃል፤ ግን የቤቱ ሰው ለምን አልወጣም ብሎ መጠየቅም ወግ ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ፈረድኩባት።

ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ቤቱ ጭር ይላል። የግቢዬን በር ቀን ቀን አልቀረቅረውም። "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ ነው የምወጣው። የእድር ሰብሳቢው ይሆናል፤ የጎረቤት ልጅ ይሆናል፤ ጨው ተበዳሪ ይሆናል። ጎረቤቶቼ "በላይነሽ ሰው ጠርቶ ሳይጨርስ ትደርሳለች" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንድ ነገር ግን ልብ አላሉም። ማን እንደ ጠራኝ ሳላውቅ፣ ከመውጣቴ በፊት የእናቴን ነጠላ አነሳለሁ።