የእማማ የሹምነሽ ጤና አዳም

ሰናይት ልጄ ቅዳሜ ከማራኪ መጣች። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ቤት ተከራይታ ነው የምትማር። ቦርሳዋን ከፍታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጤና አዳም ከጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። አይብ እንደምሠራ ስለምታውቅ ከጎረቤቷ ጓሮ ቆርጣ ነው ያመጣች። ሽታው ቤቱን ሲሞላው የያዝሁት ጭልፋ ከእጄ ወደቀ። እኔ ትዳር ከያዝሁ ጀምሮ ጤና አዳም ከደጄ ተክዬ አላውቅም። ልጆቼም ምነው ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ያደግሁት ወገራ ነው፣ ደጋው ላይ። ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ እማማ የሹምነሽ የሚባሉ ባልቴት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከጓሯቸው የበቀለው ጤና አዳም ያኔ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። መስከረም ሲጠባ ቢጫ አበባው ይፈነዳል፤ ዝናቡ ሲያባራ ሽታው እስከ ምንጩ መንገድ ይወርዳል። ለወተቱም ለበርበሬውም አገሩ ሁሉ ከሳቸው ነው የሚወስድ። ግን ማንም በገዛ እጁ አይቆርጥም። ከአጥሩ ቆመን እንጣራለን፤ እሳቸው ከቤት ሆነው «ለማን ነው?» ይላሉ። ስም እንጠራለን። ያን ስም በአፋቸው እያነበነቡ ወጥተው ይቆርጡልናል። ቅጠሉ የሚያገኘውን ሰው ማወቅ አለበት ይሉ ነበር።

ኅዳር ላይ እማማ የሹምነሽ ሞቱ። በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው ጓሮ አርባው ሳይወጣ አይነካም፤ ጎመኑ ቢደርቅም ይደርቃል እንጂ። እናቴ በርበሬ ልትቀምም ኖሮ ከአያ መኮንን ቤት ጤና አዳም አምጪ ብላ ላከችኝ። የአያ መኮንን ቤት ከወንዝ ማዶ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ፣ እግሬ ሰነፈ። ፀሐይ ወጥታለች፣ ወፍ ይንጫጫል፣ ምን ያስፈራል ብዬ በአጥሩ ሾለክሁ። አንዱን ዘለላ ስቀነጥስ ከቤቱ ውስጥ፣ በዝግታ፣

«ለማን ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ልማድ ክፉ ነው። ሳላስብ፣ እንደ ወትሮው፣ «ለደብሬ» አልሁ። ደብሬ ታናሽ እኅቴ ናት፣ ያኔ ጡት አልጣለችም። ዘወትር ለእሷ ወተት የሚሆን ቅጠል ነበር የምለምን። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ቀና ብዬ በሩን ያየሁት። ከውጭ በጠፍር እንደታሰረ ነው።

በሁለተኛው ቀን ደብሬ ታመመች። ጎረቤቱ ምች ነው አለ። እኔን ያስፈራኝ ግን ትንፋሿ ነው። አንዲት ቅጠል ሳትቀምስ ጤና አዳም ጤና አዳም ትሸታለች። በፍርሃት ዝም አልሁ። ጡት መሳብ ስታቆም ግን ለእናቴ ሁሉንም ነገርኋት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ» ብቻ አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ወረደች። ተከተልኋት። ከእማማ የሹምነሽ አጥር ቆማ እንደ ወትሮው ተጣራች። ለእኔ ምንም አልተሰማኝም። እሷ ጥቂት አዳመጠችና፣

«ለደብሬ አይደለም፤ ልጅ ተሳስታ ነው። ለእኔ ነው» አለች።

ስትመለስ ፊቷ የበዓል ቀን ይመስል ፈክቶ ነበር። ቤት ስንደርስ ደብሬ ጡት ጠባች። ለእማማ የሹምነሽ አርባ እናቴ ዳቦ ደፍታ፣ ራሷ ተሸክማ ሄደች። ሰማንያውን ግን አላየችም። ሲገንዟት ያ ሽታ ሸተተኝ። ሌላ ሰው ሸትቶት እንደሆን አልጠየቅሁም።

ደብሬ ዛሬ ጠዳ ከተማ ነው የምትኖር፣ የሦስት ልጆች እናት። ከደጇ ጤና አዳም አላት፣ ሸጋ አድርጋ ታሳድገዋለች። በምን አፌ እነግራታለሁ?

ጭልፋውን አንሥቼ ሰናይትን፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደሽ ነው ወይ አልኋት።

«በሩ ዝግ ነበር» አለች ስልኳን እየነካካች። «ከውስጥ አንዲት አሮጊት ለማን ነው አሉኝ።»

ጭልፋውን አስቀመጥሁ። «ለማን አልሽ?»

«ለእናቴ አልኋቸዋ። ምነው እማዬ?»

«ምንም» አልሁ፣ በልቤም ተመስገን አልሁ። እናቴ ያን ቀን ከአጥሩ ስትመለስ ፊቷ ለምን እንደፈካ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ። ቅጠሉን አጥቤ አይቡ ላይ ቀነጠስሁትና፣ ልጄ እጇን ሳትሰድ፣ እስከ መጨረሻው ብቻዬን በላሁት።